ከደጀን አፋፍ እስከ ሸፋርታክ፦ የማጋደል ታሪክ

ደጀን ከአዲስ አበባ ለሚመጣ መንገደኛ የጎጃም መግቢያ ናት። ከደብረ ማርቆስ ለሚመጣው ግን የደጋው መጨረሻ ናት፤ ከእሷ ወዲያ ያለው ዓባይ በረሃ ነው። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ግማሹ ቁልቁለት፣ ግማሹ ዳገት ነው። ከአፋፉ እስከ ወንዙ ያለው የከፍታ ልዩነት ከ1,300 ሜትር ይበልጣል። ይህን ያህል ገደል በቀጥታ የሚወርድ የመኪና መንገድ ሊኖር ስለማይችል አስፋልቱ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እየተጠማዘዘ ይወርዳል።

ይህ ጽሑፍ የሚከተለው በእነዚህ ኩርባዎች ላይ በብስክሌት የሚወርድ ሰው የሚያደርገውን አንድ ነገር ነው። ብስክሌተኛው ኩርባውን ሲይዝ ከነብስክሌቱ ወደ ኩርባው ውስጥ ያጋድላል። ከኋላው የሚመጣው የጭነት መኪና ይህን አያደርግም፤ እንዲያውም ጭነቱ ወደ ውጭ ያዘነብላል። ልዩነቱ ከየት መጣ የሚለው የፊዚክስ ጥያቄ ነው። ለታሪክ አጥኚ ግን ሌላ የሚስብ ነገር አለው፦ በዚህ ጉዳይ ላይ የዓይን ምስክር አያስተማምንም። በየቀኑ የሚያጋድለው ሰው ራሱ እንዴት እንደሚያጋድል ሲጠየቅ የሚሰጠው ቃል አብዛኛውን ጊዜ ከሠራው ጋር አይገጥምም። ስለዚህ የነገሩን ታሪክ ከጋላቢዎቹ አፍ ሳይሆን ከመንገዱ፣ ከስሌቱና ከሙከራው መዝገብ ማውጣት ግድ ነው።

ከመንገዱ እንጀምር። መኪና ከመምጣቱ በፊት ዓባይ በረሃ የሚታለፈው በእግርና በበቅሎ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን የወንዙን ሸለቆ ዳር ለዳር ተከትሎ ያጠናው ከበቅሎ ጓዝ ጋር ነው፤ ስለ ጣናና ስለ ዓባይ የጻፈው መጽሐፍም እ.ኤ.አ. በ1936 ታተመ። የበቅሎ መንገድ መታጠፊያ ስፋት አያስጨንቀውም። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር የምትሄድ በቅሎ ጠባብ ቦታ ላይ አራት እግሯን ሰብስባ ትዞራለች፤ ማጋደል አያስፈልጋትም። የኩርባ ስፋት በሜትር የሚለካ፣ ድንጋይ የሚያስፈነዳና ገንዘብ የሚያስወጣ ጉዳይ የሆነው ከሞተር ጋር ነው።

ጣልያኖች በአምስቱ የወረራ ዓመታት አዲስ አበባን ከደብረ ማርቆስ ለማገናኘት ገደሉን ቆርጠው ሸፋርታክ በሚባለው ቦታ ላይ ወንዙን ተሻገሩ። ያ መንገድ በ1933 ዓ.ም. የራሳቸው መሸሻ ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ሲገቡ ከተማዋን የለቀቀው የጣልያኑ ኮሎኔል ማራቬንታኖ ጦር በሸፋርታክ በኩል ዓባይን አልፎ ነበር። የጎጃሙ አርበኛ በላይ ዘለቀ ያንን መተላለፊያ ለምን አልዘጋም የሚለው ክርክር ዛሬም ጎጃም ውስጥ ሰው ያጨቃጭቃል፤ እዚህ የሚዳኝ አይደለም። ለእኛ የሚበቃን በዚያን ጊዜ ከባድ መኪና የሚወርድበት ኩርባ በገደሉ ላይ ተቆርጦ እንደነበረ ነው።

በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም ይህ መንገድ ከአገሪቱ ዋና ዋና መሥመሮች አንዱ ሆኖ በእጁ ገባ። በ1960 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መኮንን ጆን ብላሽፎርድ ስኔል ዓባይን በጀልባ ለመውረድ ሰፊ ጉዞ ሲያደራጅ ከመነሻዎቹ አንዱ ያደረገው የሸፋርታክን ድልድይ ነው፤ ከደጋው ወደ ወንዙ ጀልባና ስንቅ በመኪና ማውረድ የሚቻልበት ቦታ ያ ነበርና። ከዚያ በኋላ ትልቁ ለውጥ የመጣው በጃፓን መንግሥት እርዳታ ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው መንገድ ታደሰ፤ ከአሮጌው ጠባብ ድልድይ ጎን 303 ሜትር የሚረዝመው፣ በገመድ የተወጠረው የሕዳሴ ድልድይ ተሠርቶ ጳጉሜን 2000 ዓ.ም. ላይ ተመረቀ።

መንገዱ ግን ዝም ብሎ የተቀመጠ መንገድ አይደለም። የሸለቆው አፋፍ ባዛልት ነው፤ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጂፕሰምና ሸክላማ ድንጋይ፣ ወደ ወንዙ ሲጠጋ የአሸዋ ድንጋይ ይመጣል። ከላይ እየተፈረካከሰ የወረደው አፈርና ቋጥኝ በለስላሳዎቹ ንብርብሮች ላይ ተከምሯል፤ ክረምት ውኃ ሲጠጣ ይንሸራተታል። አስፋልቱ የሚሰነጠቀውና የሚሰምጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ የጃፓን ባለሙያዎችም ከድልድዩ ምረቃ በኋላ የመሬት መንሸራተቱን ለብቻው አጥንተዋል። በዚያ ላይ ተሳቢ የሚጎትቱ ከባድ መኪናዎች በዝግታ ሲወጡና ፍሬን ይዘው ሲወርዱ አስፋልቱን እየገፉ ያጎብጡታል። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ለመንገዱ ታሪክ ብቻ ብዬ አይደለም። ብስክሌተኛ ምን ያህል ማጋደል ይችላል የሚለው ጥያቄ መልሱ ግማሹ አስፋልቱ ላይ ነው።

አሁን ወደ ስሌቱ። የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ካልተገፋ በቀጥታ ይሄዳል። ኩርባ ላይ ለመታጠፍ ብስክሌቱን ወደ ኩርባው መሐል የሚገፋ ኃይል መኖር አለበት፤ ያንን ሊሰጥ የሚችለው ጎማው መሬቱን የሚይዝበት ኃይል፣ በትምህርት ቤት መጽሐፍ ሰበቃ የሚባለው ነው። ችግሩ ይህ ኃይል የሚያርፈው ታች፣ ጎማው አስፋልቱን በሚነካበት ቦታ ላይ መሆኑ ነው። የጋላቢውና የብስክሌቱ ክብደት መሐል ደግሞ ወደ አንድ ሜትር ከፍ ብሎ ነው ያለው። ከታች ወደ ውስጥ የተገፋ ነገር ከላይ ወደ ውጭ ይወድቃል፤ ምንጣፍ ከእግሩ ሥር እንደተሳበበት ሰው። ብስክሌተኛው ቀጥ ብሎ ኩርባውን ቢይዝ የሚደርስበት ይኸው ነው።

ሲያጋድል ግን ሌላ ኃይል ለእሱ መሥራት ይጀምራል። የክብደቱ መሐል ከጎማው መስመር ወደ ውስጥ ስለወጣ የራሱ ክብደት ወደ ውስጥ ሊጥለው ይታገላል። አንዱ ወደ ውጭ ይጥለዋል፣ ሌላው ወደ ውስጥ ይጥለዋል፤ ሁለቱ የሚተካከሉበት አንድ ማዕዘን አለ። ያ ማዕዘን የሚወሰነው በፍጥነትና በኩርባው ስፋት ነው። የማዕዘኑ ታንጀንት የፍጥነት ካሬ በኩርባው ሬዲየስና በስበት ፍጥንጥነት ብዜት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው።

የደጀንን ዓይነት ጠባብ መታጠፊያ ሬዲየሱን 20 ሜትር ብለን እንውሰድ። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚወርድ ብስክሌተኛ 20 ዲግሪ ያህል ያጋድላል። በ40 ኪሎ ሜትር 32 ዲግሪ ይሆናል። በ50 ኪሎ ሜትር 45 ዲግሪ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። በ60 ኪሎ ሜትር ስሌቱ 55 ዲግሪ ይላል፤ ይህን ግን ስሌቱ እንጂ ጎማው አይፈቅድም። ደረቅና ደህና አስፋልት ላይ የብስክሌት ጎማ የሚይዘው ከ35 እስከ 40 ዲግሪ አካባቢ እስከሚያጋድል ድረስ ነው፤ ከዚያ በላይ ከሥር ይንሸራተታል። ዝናብ የነካው፣ ናፍጣ የፈሰሰበት ወይም ከገደሉ የወረደ ጠጠር የተበተነበት ከሆነ ገደቡ በብዙ ይወርዳል። ፍጥነት በሦስተኛ ክፍሉ ሲጨምር፣ ከ30 ወደ 40 ማለት ነው፣ ከጎማው የሚጠየቀው ወደ እጥፍ እንደሚጠጋም ልብ ይሏል፤ የካሬ ነገር እንዲህ ነው።

በስሌቱ ውስጥ የሌለውም መታየት አለበት። ክብደት የለበትም። ወፍራሙም ቀጭኑም፣ ጭነት የጫነውም ያልጫነውም በአንድ ፍጥነት አንዱን ኩርባ ሲይዙ የሚያጋድሉት እኩል ነው፤ ክብደቱ የሚገፋውንም የሚጥለውንም እኩል ስለሚያሳድግ ይጣፋል።

የመንገድ መሐንዲስ ይህንኑ ስሌት በሌላ መልክ ይጠቀምበታል። ለአራት ጎማ ማጋደል ስለማይቻል የሚያጋድለው መንገዱ ነው፤ ኩርባ ላይ የአስፋልቱ ውጫዊ ጠርዝ ከውስጠኛው ከፍ ተደርጎ ይሠራል። የጭነት መኪና ጎማዎቹ ግራና ቀኝ ተራርቀው ስለቆሙ ወደ ውጭ የሚጥለውን ኃይል በውጭ በኩል ባሉት ጎማዎች ተደግፎ ይቋቋመዋል፤ ጭነቱ ከፍ ካለና ፍጥነቱ ከበዛ ግን ይገለበጣል። ብስክሌት የሚደገፍበት ጎን የለውም፤ ሁለቱ ጎማዎቹ በአንድ መስመር ናቸው። ለእሱ ያለው ምርጫ ማጋደል ወይም መውደቅ ነው። የተጋደለ አስፋልት የብስክሌተኛውን ማዕዘን አይለውጠውም፤ ከጎማው የሚጠየቀውን ኃይል ግን ያቀልለታል።

እዚህ ላይ የፍሬንን ነገር ማለፍ አይቻልም። ጋላቢውና ብስክሌቱ አንድ ላይ 80 ኪሎ ቢመዝኑ ከደጀን አፋፍ እስከ ድልድዩ ሲወርዱ ከ1 ሚሊዮን ጁል በላይ ጉልበት ይለቀቃል። አየር ባይኖርና ፍሬን ባይያዝ ድልድዩ ላይ የሚደርሰው በሰዓት ከ570 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። ያንን ጉልበት አየሩና ፍሬኑ ይካፈሉታል፤ የፍሬኑ ድርሻ ሁሉ ሙቀት ነው። ጎማው መሬቱን የሚይዝበት ኃይል ደግሞ አንድ ነው፤ ለማቆምም ለመታጠፍም የሚወጣው ከዚያው ነው። ልምድ ያላቸው ሰዎች ፍሬን ከኩርባው በፊት ይዘው ኩርባው ውስጥ የሚለቁት ለዚህ ነው።

እስከዚህ ያለው ምን ያህል ለሚለው መልስ ነው። እንዴት የሚለው መልስ እስኪጠራ ብዙ ጊዜ ፈጀ፤ የምስክሩ ነገርም የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በክብ መንገድ የሚሄድ ነገር የሚጠይቀውን ኃይል መጠን ሆላንዳዊው ክርስቲያን ሃይገንስ ያሰላው እ.ኤ.አ. በ1659 ነው፤ ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደር ላይ የነገሡበት ዘመን ማለት ነው። ሊጋደልበት የሚችል ባለ ሁለት ጎማ ተሽከርካሪ ግን ገና አልተፈጠረም። ጀርመናዊው ካርል ፎን ድራይስ በእግር እየተገፋ የሚሄድ የእንጨት መሣሪያውን ማንሃይም ላይ ያስወጣው እ.ኤ.አ. በ1817 ነበር። ፔዳሉ ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ ፓሪስ ላይ ተጨመረ። እ.ኤ.አ. በ1869 የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰሩ ዊሊያም ራንኪን በአንድ የምሕንድስና መጽሔት ላይ ስለ ብስክሌት ሚዛን ተከታታይ ጽሑፍ ሲያወጣ አንድ እንግዳ ነገር ጻፈ፦ ወደ አንድ ጎን ለመታጠፍ መሪው መጀመሪያ ለአፍታ ወደ ተቃራኒው ጎን መዞር አለበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብስክሌተኛው ወደ ቀኝ ለመታጠፍ መሪውን በቀጥታ ወደ ቀኝ ቢያዞር ጎማው ከሥሩ ወደ ቀኝ ይሸሻል፣ እሱ ግን ወደ ግራ ይወድቃል። ስለዚህ መጀመሪያ መሪውን በጥቂቱ ወደ ግራ ይገፋል። ጎማው ወደ ግራ ሲሄድ ሰውነቱ ወደ ቀኝ ማጋደል ይጀምራል። የሚፈልገው ማዕዘን ላይ ሲደርስ መሪውን ወደ ቀኝ መልሶ ውድቀቱን ይገታል፤ ከዚያ በኋላ ነው መታጠፉ። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ያልቃል።

ጋላቢዎች ይህን ያውቁ ነበር? ለዚህ ጥያቄ ካገኘናቸው ምስክርነቶች ሁሉ ጥሩው የዊልበር ራይት ነው። በ1903 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ሞተር ያለው አውሮፕላን ከወንድሙ ጋር ያበረረው ይህ ሰው ከዚያ በፊት በዴይተን ከተማ ብስክሌት ሠሪና ጠጋኝ ነበር። ብዙ ጋላቢዎችን ወደ ግራ እንዴት እንደሚታጠፉ ጠይቆ፣ አንዱ እንኳ በመጀመሪያው ጥያቄ ነገሩን ሁሉ በትክክል እንዳልነገረው መስክሯል። ሁሉም ማለት ይቻላል መሪውን ወደ ግራ እናዞራለን ነው የሚሉት። ይህ ጥናት ተብሎ የተመዘገበ አይደለም፤ የአንድ ባለሙያ ትዝብት ነው። እኔ ግን አምነዋለሁ፣ ምክንያቱም ዊልበር መልሱን ለክርክር ሳይሆን ለሥራው ይፈልገው ነበር፤ አውሮፕላንም ሲታጠፍ እንደ ብስክሌት ማጋደል እንዳለበት የተረዳ ሰው ነውና።

ከዐድዋ ሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1899፣ የካምብሪጁ ፍራንሲስ ዊፕል የብስክሌትን እንቅስቃሴ ሙሉ ቀመር ጻፈ፤ ፈረንሳዊው ኢማኑኤል ካርቫሎም በዚያው ሰሞን ተመሳሳይ ሥራ አቅርቧል። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ወደ ኋላ ተመለሰ ማለት ይቻላል። ብዙ መጽሐፍ ብስክሌት የማይወድቀው የሚሽከረከር ጎማ እንደ ጋይሮስኮፕ አቋሙን መለወጥ ስለማይወድ ነው እያለ ማስተማር ያዘ። ማብራሪያው ያምራል፤ ችግሩ ለረጅም ጊዜ በሙከራ ያጣራው ሰው መጥፋቱ ነው። እንግሊዛዊው ኬሚስት ዴቪድ ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው ጽሑፍ የማይነዳ ብስክሌት ለመሥራት እንደሞከረ ይነግረናል። ከፊት ጎማው ጎን በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሽከረከር ሌላ ጎማ ገጥሞ የጋይሮስኮፑን ኃይል አጠፋፋው። ብስክሌቱ ያለ ችግር ተነዳ። የከበደው ሌላ ነገር ሲለውጥ ነው፦ የፊት ጎማው መሬት የሚነካበትን ቦታ ከመሪው ዘንግ መስመር ኋላ መሆኑ ቀርቶ ወደ ፊት ሲያወጣው ብስክሌቱ ለመንዳት እጅግ አስቸጋሪ ሆነ።

ታዲያ መልሱ ይህ ነው ተባለ። እሱም አልጸናም። እ.ኤ.አ. በ2011 በሆላንዱ ዴልፍትና በአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች የጋይሮስኮፑ ኃይልም፣ ጆንስ የለወጠው የፊት ጎማው ከመሪው ዘንግ መስመር ኋላ መሆንም የሌለበት ትንሽ ብስክሌት ሠርተው ያለ ሰው ሲለቁት ራሱን እያቀና ሄደ። ምሥጢሩ የክብደቱ አቀማመጥ ነበር፦ ብስክሌቱ ወደ አንድ ጎን መውደቅ ሲጀምር የፊቱ ክፍል ከኋላው ቀድሞ ወደዚያው ይዞራል፣ በዚያም ጎማውን ከክብደቱ ሥር ይመልሰዋል። የተረጋገጠው እንግዲህ ይህ ነው፦ የሚያጋድል ብስክሌት ወደ አጋደለበት ጎን ይታጠፋል፤ ይህን የሚያደርጉት ምክንያቶች ግን ብዙ ናቸው፣ አንዱም ለብቻው የግድ አይደለም።

በአገራችን የብስክሌት ውድድር መዝገብ የሚጀምረው ከዚህ ሁሉ ሳይንስ ርቆ ነው። ውድድሩ መጀመሪያ የበረታው ኤርትራ ውስጥ ነበር፤ አሥመራ በጣልያን ዘመን የጀመረችው እሽቅድምድም በ1938 ዓ.ም. አገር አቋራጭ ሆነ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ፣ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ፣ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሩ። በጎዳናው ውድድር ገረመው ደንቦባ 25ኛ ሆኖ ገባ፤ ቡድኑ 9ኛ ወጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበ ቡድን ይህን ማግኘቱ በኋላ ከመጣው የማራቶን ዝና ጀርባ ተደብቆ የቀረ ይመስለኛል። የመቀሌው ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ለመሆን እ.ኤ.አ. እስከ 2016 መጠበቅ ነበረበት። ጎጃም ውስጥ ብስክሌት የበዛባት ባሕር ዳር ናት፤ እዚያ ግን ምድሩ ሜዳ ስለሆነ ሰው ለሥራና ለትምህርት ይነዳል እንጂ በዚህ ዓይነት ኩርባ አይፈተንም።

በደጀን ቁልቁለት ላይ ብስክሌትን በስብስብ ያወረደው ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደው ከካይሮ እስከ ኬፕታውን የሚሄደው የቱር ዳፍሪክ ጉዞ ነው። ጋላቢዎቹ ከባሕር ዳርና ከደብረ ማርቆስ መጥተው ከደጀን ወደ ወንዙ ይወርዱና ወደ ጎሐ ጽዮን ይወጡ ነበር። በዚህ ጉዞ ሰዓት ይያዝ የነበረው በቁልቁለቱ አይደለም፤ ከድልድዩ ወዲያ ባለው ዳገት ነበር። አዘጋጆቹ ይህን ማድረጋቸው አያስገርምም፤ ቁልቁለቱ ላይ ለፍጥነት መሸለም በጠጠርና በተሰነጠቀ አስፋልት ላይ ማዕዘን እንዲጨምሩ ሰዎችን መገፋፋት ነበር።

በዳገቱ ላይ ኩርባው ያው ነው፣ ማጋደሉ ግን ይጠፋል። በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር የሚወጣ ሰው በዚያው 20 ሜትር ሬዲየስ ላይ የሚያጋድለው አንድ ዲግሪ ተኩል ያህል ነው፤ ከዳር ቆሞ ለሚያይ ቀጥ ያለ ነው። በዚያ ፍጥነት ብስክሌቱ ራሱን ማቅናት ስለማይችል ሥራው ሁሉ ወደ ጋላቢው እጅ ይዞራል። መሪው ከጎን ወደ ጎን ይወዛወዛል፣ የጎማውም ዱካ አቧራ ባለበት የመንገድ ዳር ላይ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ይታያል።